የታይሮይድ ካንሰር ወደ አንገት ንፍፊት ሲሰራጭ፦ ምን ማለት ነው? ተስፋውስ ምን ያህል ነው?

መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይባላል። አንገታቸው ላይ ያበጠው ነገር የታይሮይድ ካንሰር መሆኑን ገና ሰምተው ሳይረጋጉ «ወደ ንፍፊትም ተሰራጭቷል» የተባሉ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው የሚሰማቸው ስሜት ይህንኑ ይመስላል። ብዙዎች «ከተሰራጨ አበቃ» ብለው ሕክምናውን ያቋርጣሉ። ሌሎች ደግሞ ሕመም ስለማይሰማቸው ነገሩን ችላ ብለው ለዓመታት ይቆያሉ። ሁለቱም ይጎዳሉ።

በአብዛኞቹ የታይሮይድ ካንሰር ዓይነቶች፣ በተለይ ፓፒላሪ በሚባለው፣ በሽታው ወደ አንገት ንፍፊት መድረሱ ከሕክምና በኋላ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉን ከፍ ያደርጋል። በሕይወት የመኖር ተስፋን ግን ሰዎች እንደሚፈሩት አይቀንስም። ይህን ልዩነት ማወቅ ሕክምናን በተስፋ ለመጀመርና ክትትልን ሳያቋርጡ ለመቀጠል ይረዳል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በተለይ በወልዲያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ አካባቢ ለሚኖሩ ሕሙማንና አስታማሚዎች ሲሆን፣ በሌላ ቦታ ላሉ አንባቢያንም ይጠቅማል።

ንፍፊት ምንድን ነው?

ንፍፊት (ሊምፍ ኖድ) የሰውነት መከላከያ ሥርዓት አካል የሆነ ትንሽ ዕጢ ነው። በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽትና በውስጥ አካላት ዙሪያ በብዛት ይገኛል። አንገት ላይ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንፍፊቶች አሉ። ጤናማ ሲሆኑ እንደ ባቄላ ያሉ ትንንሾች ናቸው፤ አብዛኞቹም በእጅ አይዳሰሱም። ጉሮሮ ወይም ጥርስ ሲታመም የሚያብጡት እነዚሁ ናቸው።

ታይሮይድ ደግሞ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ በአየር ቧንቧ ፊት የተቀመጠ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ ነው። ሲያድግ «እንቅርት» የምንለው ይሆናል። ከታይሮይድ የሚወጣው ፈሳሽ በአቅራቢያው ባሉ ንፍፊቶች በኩል ስለሚያልፍ፣ የካንሰር ሴሎችም አብረው ሊሄዱና እዚያው ሊቀሩ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነኩት በታይሮይዱ ዙሪያ፣ በአንገት መሐል ያሉት ንፍፊቶች ናቸው። በጎንና በጎን ያሉት ቀጥለው ይነካሉ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ካንሰሩ ወደ ንፍፊት ሲሄድ «የንፍፊት ካንሰር» አይሆንም፤ ያው የታይሮይድ ካንሰር ነው። የሚታከመውም እንደ ታይሮይድ ካንሰር ነው።

የታይሮይድ ካንሰር ዓይነቶችና የሥርጭት መንገዳቸው

«ወደ ንፍፊት ተሰራጭቷል» የሚለው ቃል ትርጉም እንደ ካንሰሩ ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «የትኛው ዓይነት ነው?» የሚለው ነው።

• ፓፒላሪ፦ በዓለምም በኢትዮጵያም በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ወደ አንገት ንፍፊት የመሄድ ባሕርይ አለው። ከ100 ሕሙማን ከ20 እስከ 50 በሚሆኑት ላይ በሽታው ሲታወቅ ንፍፊት ላይ ደርሶ ይገኛል። በአይን የማይታዩ ጥቃቅን ሥርጭቶች ሲቆጠሩ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል።

• ፎሊኩላር፦ አዮዲን በሚያንስባቸው አካባቢዎች ድርሻው ከፍ ይላል። ወደ ንፍፊት የሚሄደው ከስንት አንዴ ነው። የሚሰራጨው በደም በኩል ሲሆን፣ ሳንባና አጥንት ላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ንፍፊት ነጻ መሆኑ ብቻ ሥርጭት የለም ማለት አይደለም።

• ሜዱላሪ፦ ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ ቶሎ ወደ ንፍፊት ይሄዳል። ከ4 ሕሙማን በ1ዱ ገደማ በቤተሰብ የሚወረስ በመሆኑ ወላጆች፣ ልጆች፣ ወንድሞችና እኅቶችም መመርመር ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ካልሲቶኒን በሚባል የደም ምርመራ ይከታተሉታል። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን አይሠራበትም።

• አናፕላስቲክ፦ እጅግ ጥቂት ሰዎችን፣ በአብዛኛው በዕድሜ የገፉትን ያጠቃል። በሳምንታት ውስጥ ያድጋል፤ ትንፋሽና መዋጥ ይከለክላል። ንፍፊት ላይ ደረሰም አልደረሰም ከባድ በሽታ ነው። ለዓመታት የቆየ እንቅርት በድንገት ማደግ ከጀመረ አንድ ቀንም ሳይቆዩ መታየት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በታች ስለ ደረጃና ስለ ተስፋ የሚነገረው በዋናነት ፓፒላሪንና ፎሊኩላርን ይመለከታል።

እንቅርት፣ ንፍፊትና ቲቢ ሲደባለቁ

በደጋማው የኢትዮጵያ ክፍል አፈሩ በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑ ስለሚያንስ እንቅርት ለዘመናት የተለመደ ነው። በእናቶቻችንና በአያቶቻችን አንገት ላይ ያለው ንቅሳት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርትን ያስቀራል ተብሎ የተነቀሱም ብዙ ናቸው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚቀርብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አስገድዷል። ሆኖም አዮዲን የሌለው ጨው ዛሬም ገበያ ላይ ሊገኝ ስለሚችል፣ ሲገዙ «አዮዲን ያለው» ተብሎ የታሸገውን ይምረጡ፤ በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡት።

እንቅርት ያለው ሁሉ ካንሰር የለበትም። ተመርምረው ከሚታዩ 100 የታይሮይድ እብጠቶች ካንሰር ሆነው የሚገኙት ከ7 እስከ 15 ያህሉ ናቸው። ነገር ግን እንቅርት የተለመደ በሆነበት አካባቢ ካንሰሩም «ያው እንቅርት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሐኪም ዘንድ የሚደረሰው አንገት ጎን ላይ ሌላ እብጠት ከወጣ በኋላ ይሆናል።

ሁለተኛው ግራ መጋባት ከቲቢ ጋር ነው። በአገራችን የንፍፊት ቲቢ በብዛት የሚታይ በሽታ በመሆኑ፣ በአንገት ጎን ያበጠ ንፍፊት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ስህተት የሚሆነው ናሙና ሳይወሰድ ሲደመደም ነው። የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ንፍፊት ቲቢ ተብሎ ለወራት መድኃኒት ሊወሰድለት ይችላል። በተቃራኒውም እንቅርት ያለበት ሰው ንፍፊቱ ቢያብጥ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በእጅ በመዳሰስ ብቻ መለየት ያስቸግራል፤ በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ግን ይለያቸዋል። የቲቢ መድኃኒት ጀምረው ንፍፊቱ ካልቀነሰ መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ ወደ ሐኪምዎ ተመልሰው «እንደገና ናሙና ይወሰድልኝ» ብለው ይጠይቁ።

ያበጠን ንፍፊት ወይም እንቅርት መተኮስ፣ መብጣትና ቅጠል መለጠፍ አደገኛ ነው። ያቆስላል፣ ያመረቅዛል፤ ጠባሳው ደግሞ በኋላ ቀዶ ሕክምናውን ያከብደዋል።

ሥርጭቱ እንዴት ይታወቃል?

1. በእጅ ምርመራ፦ ሐኪሙ የታይሮይዱን መጠንና ጥንካሬ፣ በአንገት ግራና ቀኝ ያሉትን ንፍፊቶች ይዳስሳል። ጠንካራ፣ የማይንቀሳቀስና የማያም ንፍፊት ይበልጥ ያጠራጥራል።

2. በአልትራሳውንድ፦ ዋናው ምርመራ ይህ ነው። ጨረር የለውም፣ አያምም። የታይሮይዱ ብቻ ሳይሆን የአንገት ጎንና ጎን ንፍፊቶችም መታየት አለባቸው። ወረቀቱ ላይ ስለ ንፍፊት ምንም ካልተጻፈ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

3. በመርፌ ናሙና (ኤፍ ኤን ኤ)፦ በቀጭን መርፌ ከታይሮይዱ ወይም ከንፍፊቱ ሴሎች ተወስደው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። «መርፌው ካንሰሩን ይበትነዋል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ከምርመራ ያስቀራል። ይህ ናሙና በዓለም ዙሪያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት የኖረና አስተማማኝ ነው።

4. በሲቲ ስካን፦ በሽታው ሰፊ ከሆነ፣ ደረት ውስጥ ከገባ ወይም የአየር ቧንቧን ከነካ ይታዘዛል። በደም ሥር የሚሰጠው የሲቲ ማቅለሚያ አዮዲን ስላለው፣ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የታሰበ ከሆነ በሁለቱ መካከል የሳምንታት ልዩነት ያስፈልጋል።

5. በፓቶሎጂ ውጤት፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የወጣው ሁሉ ይመረመራል። ስንት ንፍፊት እንደወጣ፣ በስንቱ ካንሰር እንደተገኘና ትልቁ ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጸው ወረቀት ይህ ነው። ቀጣዩ ሕክምና የሚወሰነው በዚህ ወረቀት ስለሆነ ውጤቱን ሳይቀበሉ አይቅሩ።

ደረጃው እንዴት ይወሰናል? ዕድሜ ለምን ይጠየቃል?

በብዙ ካንሰሮች ንፍፊት ላይ መድረስ ደረጃውን ወደ 3 ከፍ ያደርጋል። የታይሮይድ ካንሰር የተለየ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ በሥራ ላይ ባለው አመዳደብ ፓፒላሪና ፎሊኩላር ካንሰር በሕመምተኛው ዕድሜ ይከፈላሉ። መለያው በሽታው ሲታወቅ የነበረው 55 ዓመት ነው።

ከ55 ዓመት በታች ለሆኑ፦
• ከአንገት ውጭ ወደ ሳንባ፣ አጥንት ወይም ሌላ ሩቅ አካል ካልሄደ፣ ንፍፊት ላይ ቢደርስም ደረጃ 1 ነው።
• ወደ ሩቅ አካል ከሄደ ደረጃ 2 ነው። ከዚህ በላይ ደረጃ የለም።

55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፦
• ዕጢው 4 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሆኖ በታይሮይድ ውስጥ ከተወሰነና ንፍፊት ካልነካ ደረጃ 1፤
• ንፍፊት ከነካ፣ ወይም ዕጢው ከ4 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም በፊት ለፊት ያሉትን የአንገት ጡንቻዎች ከነካ ደረጃ 2፤
• የአየር ቧንቧን፣ የምግብ ቧንቧን ወይም የድምፅ ነርቭን ከወረረ ደረጃ 3፤
• ከዚያም አልፎ የአከርካሪ አጥንትን ፊት ወይም ትልልቅ የደም ሥሮችን ከያዘ፣ ወይም ወደ ሩቅ አካል ከሄደ ደረጃ 4።

ለምሳሌ የ32 ዓመት እናት ፓፒላሪ ካንሰር ተገኝቶባት 8 ንፍፊቶቿ ተነክተዋል እንበል። ደረጃዋ 1 ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ደረጃ 1» የሚል ቢያነቡ ስህተት አይደለም። የ61 ዓመት አባት ተመሳሳይ በሽታ ቢኖርባቸው ደረጃቸው 2 ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው ይኸው በሽታ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ጠንከር ስለሚል ነው።

እነዚህ ደረጃዎች ተስፋን እንዲህ ያመለክታሉ። ከ10 ዓመት በኋላ በዚህ በሽታ ምክንያት ሳይሞቱ የሚቆዩት በደረጃ 1 ከ100 ሰዎች ከ98 እስከ 100፣ በደረጃ 2 ከ85 እስከ 95፣ በደረጃ 3 ከ60 እስከ 70 ያህሉ ናቸው፤ በደረጃ 4 ከግማሽ በታች ይሆናሉ። ቁጥሮቹ የተገኙት ቀዶ ሕክምናው፣ መድኃኒቱና ክትትሉ በተሟላላቸው ሕሙማን ላይ መሆኑን አይርሱ።

ልጆች ላይ የሚታየው ፓፒላሪ ካንሰር ከአዋቂዎቹ ይልቅ ንፍፊት የመንካት ልማድ አለው፤ ሳንባ ላይም የሚደርስበት ጊዜ አለ። እንዲያም ሆኖ በአግባቡ ከታከሙ አብዛኞቹ ልጆች አድገው የራሳቸውን ቤተሰብ ይመሠርታሉ። የልጅ አንገት ላይ የወጣን እብጠት «ሲያድግ ይጠፋል» ብሎ መተው አይገባም።

ተመልሶ የመምጣት ዕድሉስ?

ደረጃ የሚናገረው ስለ ሕይወት ነው። ስለ ማገርሸት የሚናገሩት ደግሞ የንፍፊቶቹ ቁጥር፣ መጠንና ሁኔታ ናቸው። ሐኪሞች የሚመሩባቸው ግምቶች የሚከተሉት ናቸው፦

• የተነኩት 5 ወይም ከዚያ ያነሱና ጥቃቅን ሲሆኑ ከ100 ሰዎች በ5 ያህሉ ያገረሻል፤
• ከ5 በላይ ሲሆኑ በ20 ያህሉ፤
• አንዱ ንፍፊት እንኳ ከ3 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ በ30 ያህሉ፤
• ካንሰሩ የንፍፊቱን ሽፋን ሰብሮ ከወጣና ይህ ከ3 በላይ በሆኑ ንፍፊቶች ከታየ በ40 ያህሉ።

ከእነዚህ ውስጥ ከፍተኛው እንኳ ሲታይ፣ ከ100 ሰዎች 60ዎቹ አያገረሽባቸውም። የሚያገረሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አንገት ንፍፊት ላይ ነው፤ ቶሎ ከተገኘ እንደገና በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ይታያል፤ ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣም አለ። የክትትሉ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ሕክምናው ምንድን ነው?

ቀዶ ሕክምና፦ ንፍፊት ላይ የደረሰ ካንሰር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ታይሮይዱ በሙሉ ይወጣል። አብረውም የተነኩት ንፍፊቶች ያሉበት ክፍል በሙሉ ይጸዳል። ያበጠውን አንዱን ንፍፊት ብቻ ለቅሞ ማውጣት አይመከርም፤ አጠገቡ ያሉት ይቀሩና በሽታው ይመለሳል። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና በጠባሳ ውስጥ ስለሚሠራ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ስለዚህ ንፍፊቶቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በአልትራሳውንድ መታየታቸውና ቀዶ ሕክምናው ልምድ ባለው ሐኪም መሠራቱ ጥቂት ሳምንት መጠበቅን ቢጠይቅም ያዋጣል። ፓፒላሪ ካንሰር ቀስ ብሎ ስለሚያድግ፣ ትንፋሽ እስካልከለከለ ድረስ ይህን ጊዜ ይሰጣል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛው የድምፅ መጎርነን ነው፤ የድምፅ ነርቭ በታይሮይዱ ሥር ስለሚያልፍ ሊነካ ይችላል። ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ሁለተኛው የካልሲየም መቀነስ ነው፤ በከንፈር ዙሪያና በጣት ጫፍ መደንዘዝ፣ መውረርና የእጅ መኮማተር ምልክቶቹ ናቸው። ይህ ሲሰማ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል።

ራዲዮአክቲቭ አዮዲን፦ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። የታይሮይድ ሴል አዮዲን ስለሚስብ ጨረሩ የተረፉትን የካንሰር ሴሎች ፈልጎ ይደርስባቸዋል። ሁሉም ሕመምተኛ አያስፈልገውም። ብዙ ንፍፊት ለተነካባቸው፣ ትልልቅ ለሆኑባቸው ወይም ወደ ሩቅ አካል ለሄደባቸው ይበልጥ ይታሰባል። ልዩ ክፍልና የጨረር ጥበቃ ስለሚፈልግ በየሆስፒታሉ አይሰጥም፤ ሐኪምዎ የሚያስፈልግዎ መሆኑን በግልጽ እንዲነግርዎ ይጠይቁ። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይሰጥም፤ ከወሰዱ በኋላም ቢያንስ ከ6 እስከ 12 ወር እርግዝናን ማቆየት ይመከራል። ከመውሰድዎ በፊት ለአንድና ለሁለት ሳምንት አዮዲን ያለው ጨው እንዲተዉ ሊነገርዎ ይችላል። ይህ ለዚያ ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀሩት ቤተሰቦች አዮዲን ያለውን ጨው መጠቀማቸውን አያቁሙ።

ኬሞቴራፒ፦ ለፓፒላሪና ለፎሊኩላር የተለመደ ሕክምና አይደለም። ስለዚህ «ኬሞ አልተሰጠኝም፣ ተስፋ ቆርጠውብኝ ነው» ብለው አይጨነቁ።

በየቀኑ የሚወሰደው ኪኒን

ታይሮይዱ በሙሉ የወጣለት ሰው ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን ኪኒን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ኪኒኑ ሁለት ሥራ አለው፦ የጠፋውን ሆርሞን ይተካል፤ ቲኤስኤች የሚባለውን፣ ካንሰሩን ሊያነቃቃ የሚችል ሆርሞን ደግሞ ዝቅ ያደርጋል። ካንሰሩ ከተሰራጨ ይህ ሁለተኛው ሥራ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ድካም ስለጠፋ ወይም ጥሩ ስለተሰማዎ አያቁሙት።

• በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ይውሰዱ።
• ቡና ኪኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል። ጠዋት ቡና ሳይፈላ አይነሱም ከሆነ ኪኒኑ ይቅደም፤ ቡናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠጣ።
• ካልሲየም ወይም የደም ማነስ ኪኒን (አይረን) ከታዘዘልዎ ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ያድርጉ።
• በጾም ወራት ጠዋት መውሰድ ካልቻሉ፣ ማታ ከእራት ቢያንስ ከ3 ሰዓት በኋላ መውሰድ ይቻላል። በረመዳን በመኝታ ሰዓት ወይም ከሱሑር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ይወሰዳል። የመረጡትን ሰዓት ለሐኪምዎ ይንገሩና በየቀኑ ያንኑ ይጠብቁ።
• ሙቀት ኪኒኑን ያበላሻል። እንደ መርሳ ባለ ሞቃት አካባቢ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መስኮት ላይ አይተዉት፤ ቀዝቀዝ ባለና በጨለመ ቦታ ያስቀምጡት።
• ኪኒኑ ሊያልቅ 2 ሳምንት ሲቀረው ሌላ ይግዙ። አልፎ አልፎ ከገበያ ሊጠፋ ይችላል።

ጠበል የሚጠመቁም ሆነ ዱዓ የሚያስደርጉ ኪኒናቸውን ሳያቋርጡ እምነታቸውን መፈጸም ይችላሉ።

ክትትሉ ምን ይመስላል?

በመጀመሪያው ዓመት በየ6 ወሩ፣ ቀጥሎ እንደ ሁኔታው በዓመት አንድ ጊዜ ይታያሉ። ሐኪሙ አንገትዎን ይዳስሳል፤ የቲኤስኤች የደም ምርመራና የአንገት አልትራሳውንድ ያዛል። ታይሮግሎቡሊን የሚባለው የደም ምርመራም አለ። ይህ ንጥረ ነገር የሚመረተው በታይሮይድ ሴል ብቻ ስለሆነ፣ ታይሮይዱ በሙሉ ከወጣ በኋላ እየጨመረ ከመጣ የተረፈ ወይም የተመለሰ ካንሰር ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል። ምርመራው በአካባቢዎ ባይገኝ እንኳ አልትራሳውንዱ ብቻውን ብዙ ስለሚናገር ክትትሉን አይተዉ።

ከሀብሩ፣ ከመርሳና ከወልዲያ ተነስቶ ሕክምና ለማግኘት

አንገቱ ላይ እብጠት ያየ ሰው በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ይጀምር። በሀብሩ ወረዳ ከጤና ጣቢያው ወደ መርሳ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው የወልዲያ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል። የፓቶሎጂ ምርመራ ወይም ተጨማሪ ሕክምና ሲያስፈልግ ከወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ደሴ አለ። የካንሰር ሕክምና ሲፈለግ ደግሞ ሪፈር የሚጻፈው በአዲስ አበባ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል።

ለመንገዱ የሚጠቅሙ ምክሮች፦

• የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ደረጃውን ጠብቀው፣ ሪፈር ይዘው ይሂዱ። ያለ ሪፈር በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን ራስዎ እንዲሸፍኑ ሊያደርግ ይችላል። የተላኩበት ሆስፒታል ከመድንዎ ጋር ውል ያለው መሆኑን ከመነሳትዎ በፊት በወረዳው ይጠይቁ። መዋጮዎንም በወቅቱ ያድሱ።

• ወረቀቶችዎን ሁሉ፣ ማለትም የአልትራሳውንድ፣ የናሙናና የፓቶሎጂ ውጤት፣ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻና የመድኃኒቱን መጠን፣ በአንድ ፌስታል ወይም ክላሰር ያስቀምጡ። በስልክም ፎቶ አንስተው ለአንድ ዘመድ ይላኩ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ በርካታ የጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ ሕሙማን ካርዳቸውንም አጥተዋል። በእጅዎ ያለ ቅጂ ሕክምናውን ከባዶ ከመጀመር ያድናል።

• የወጣው ዕጢ ለምርመራ ሌላ ከተማ የሚላክ ከሆነ ማን እንደሚያደርሰው፣ ውጤቱ መቼና የት እንደሚገኝ ይጠይቁ። ውጤት ሳይሰበሰብ መቅረት ክትትል ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው።

• መንገድ ቢዘጋ ወይም ቀጠሮ ቢያመልጥ በአቅራቢያዎ ያለ ሆስፒታል ኪኒኑን ማዘዝ፣ የካልሲየምን ጉዳይ ማየትና አንገትዎን መመርመር ይችላል። አዲስ አበባ ካልደረስኩ ብለው ሁሉንም አያቋርጡ።

ሐኪምዎን የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

1. ካንሰሩ የትኛው ዓይነት ነው?
2. ስንት ንፍፊት ወጣ? በስንቱ ተገኘ? ትልቁ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?
3. የንፍፊቱን ሽፋን ሰብሮ ወጥቷል?
4. ከአንገት ውጭ የታየ ነገር አለ?
5. ደረጃው ስንት ነው? ተመልሶ የመምጣት ዕድሉስ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይስ ከፍተኛ?
6. ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ያስፈልገኛል? ባላገኝስ አማራጩ ምንድን ነው?
7. ቀጣዩ አልትራሳውንድ መቼ ነው? በወልዲያ ወይም በደሴ ሊሠራልኝ ይችላል?

አብሮዎ የሚሄድ ቤተሰብ መልሶቹን ቢጽፍ ጥሩ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሕመምተኛው ሁሉንም አያስታውስም። ቤተሰብም ሕመምተኛውን እንዳያስደነግጥ ብሎ የበሽታውን ስም መደበቁ ብዙ ጊዜ ይጎዳል። ካንሰር መሆኑን የማያውቅ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ኪኒኑንም ክትትሉንም ይተዋል። ተስፋው ጥሩ መሆኑን አብሮ በመንገር እውነቱን ማስረዳት ይሻላል።

በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ

• ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ሲተነፍሱ ድምፅ ካወጣ፤
• ምግብ ወይም ውኃ መዋጥ ካስቸገረ፤
• እንቅርቱ ወይም ንፍፊቱ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ በፍጥነት ካደገ፤
• ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንገት በድንገት ካበጠ፣ ወይም ከንፈርና ጣት ደንዝዞ እጅ ከተኮማተረ።

ድምፅ ከ3 ሳምንት በላይ ከጎረነነ፣ አንገት ላይ አዲስ እብጠት ከወጣ፣ የማያቋርጥ ሳል ወይም የአጥንት ሕመም ከተሰማ ደግሞ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ሐኪም ያማክሩ።

ማጠቃለያ

የታይሮይድ ካንሰር ወደ አንገት ንፍፊት መሰራጨቱ ቀላል ነገር ባይሆንም፣ የሞት ፍርድ አይደለም። በፓፒላሪ ካንሰር፣ በተለይ ከ55 ዓመት በታች ለሆነ ሰው፣ ከአንገት እስካልወጣ ድረስ ንፍፊት ተነክቶም በሽታው ደረጃ 1 ነው። ንፍፊቶቹ የሚያስጠነቅቁት በሽታው ሊመለስ እንደሚችል ስለሆነ፣ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ የተሟላ የመጀመሪያ ቀዶ ሕክምና፣ በየቀኑ የሚወሰድ ኪኒንና ለዓመታት የማይቋረጥ ክትትል። አንገትዎ ላይ ወይም በቤተሰብዎ ሰው አንገት ላይ የቆየ እብጠት ካለ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ናሙና እንዲወሰድም ይጠይቁ።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪምዎን ምርመራና ምክር አይተካም።